የደምለው ፈረሰኛ

እትዬ ጤናዬን ለማያውቅ ሰው ከድስታቸው ብጀምርለት ይሻላል። ዘንድሮ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሮም ከገቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው እናት ሲያጥቡ፣ ሲያለብሱ፣ ሲያገላብጡ ኖረው ሦስት ሲኞራ ቀብረዋል። አራተኛዋ ሲኞራ ኢዳ ናት፤ ፕራቲ በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰሩ በየሳምንቱ በሚበላሽ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እትዬ ጤናዬ በዚህ ከተማ የእኔ የሚሉት ነገር ቢኖር ቶር ፒኛታራ ሰፈር እኛ ቤት ያለች አንዲት አልጋና ከአልጋዋ ሥር የሚያስቀምጡት ትልቅ ድስት ነው።

አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ እዚህ ፊሳ ትባላለች። ፊሳ ቤት የላትም። ለሐሙስ ከሰዓትና ለእሑድ ጎኗን የምታሳርፍበት አልጋ ከሌሎች ጋር ሆና ትከራያለች፤ የቀረውን ሌሊት የሰው ሳል ስታዳምጥ ታድራለች። የእኛ ቤት ሦስት አልጋ አለው። አንዱ የእኔ ነው፤ እኔ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሆቴል ክፍል ስለማጸዳ ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ። አንዱ የእትዬ ጤናዬ ነው። ሦስተኛው የሃርነት ነው። ቤቱን መጀመሪያ የተከራየችው የሃርነት እናት ለተንኪኤል ነበረች፤ አስመራ በአማርኛ የተማረች፣ የእኛን አማርኛ ሳይቀር የምታርም ሴት። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሞት አልጋዋ ለልጇ ተረፈ። ሃርነት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ባር ትሠራለች፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ጀምራ በጣሊያንኛ ትጨርሳለች።

እትዬ ጤናዬ ወንበር ላይ ተደላድለው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ናቸው፤ ከወዲያ ክፍል የሚጠራቸው ያለ ይመስል። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ እሑዳቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው ብድግ ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አሁን እኔም እንደሳቸው መቀመጥ ስለጀመርኩ ዝም ብያለሁ።

ወደ ድስቱ ልመለስ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንዳለው ሁሉም ያውቃል። በእትዬ ጤናዬ እናት ቤት፣ ወልዲያ አጠገብ፣ የፋሲካ ዕለት እያንዳንዱ ብልት የሚወጣው በአንድ ሟች ስም ነበር። እናትየዋ በጭልፋ ያነሡና "ይሄ የአባቴ" ብለው እንጀራው ላይ ያሳርፉታል፤ ሌላውን ደግሞ "ይሄ የእህቴ" ብለው። የደረቱ ብልት፣ ፈረሰኛው፣ ለአዲስ ሟች ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም የራሱን ሟች ድርሻ አይበላም። ሌላ ሰው ይበላልሃል፣ ሲጨርስም "ነፍስ ይማር" ይልሃል። ሰው ያልበላለት ሟች፣ እትዬ ጤናዬ እንደሚሉት፣ በር ላይ እንደቆመ ይውላል። ይህን ልማድ ሌላ ቤት አላየሁትም። አንድ ቄስ ብጠይቃቸው፣ መጽሐፍ ላይ የለም፣ ክፋትም የለበት፣ ብለው አለፉኝ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እኔ ወደዚህ ቤት ስመጣ በፋሲካ አምስት ሴቶች እንቀመጥ ነበር። ስማቸው የሚጠራ ሟቾች ጥቂት ስለነበሩ ለእኛም በየስማችን ሥጋ ይተርፈን ነበር። ከዚያ አንዷ ጀርመን ሄደች፣ አንዷ አገሯ ገባች፣ ለተንኪኤል ሞተች። በላተኛው እያነሰ ሟቹ እየበዛ መጣ። አምና አሥራ አንድ ስም ተጠራና ለእኛ ለሦስታችን የቀረችልን አንገቷ ብቻ ነበረች። ዘንድሮ እሷም ባለቤት አገኘች፤ ደምለው ሞቶ አሥራ ሁለት ሞሉ።

ደምለው የእትዬ ጤናዬ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድም ይባል እንጂ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥረው አስተማሩት፤ አድጎም የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ ከመንገዱ አውጥቶ እሳቸው የሚሠሩበት ቤት በር ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋላቸው። ተሳፋሪው ሲሳደብ፣ እሱ መሪውን ይዞ ሲስቅ፣ እሳቸው በሽርጣቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጠርኩትም። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

የሞተው ባለፈው ነሐሴ ነው። መርዶ በአገራችን ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው አረፍ እንዲል ተደርጎ ነው የሚነገረው። እትዬ ጤናዬ የሰሙት ግን የሲኞራ ኢዳን የእግር ጥፍር ሲቆርጡ ነው። ስልኩ ጮኸ፣ በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል ያዙት፣ የደምለው ልጅ "አባባ ሞተ" አላቸው። አንዱን እግር ጨርሰው ነበር። ስልኩን ዘጉና ሁለተኛውን ቆረጡ።

ለአሠሪዎቻቸው ትንፍሽ አላሉም። የሲኞራዋ ልጅ ፓትሪዚያ ለዕረፍት ሳርዴኛ ነበረች፤ ሮም በነሐሴ ባዶ ስለምትሆን የሚተካቸው ሰው አይገኝም። ቢነግሯት የሚመጣውን መልስ ያውቁታል፤ "አዝናለሁ፣ ግን ማማ ከማን ጋር ትሆናለች?" ነው። ለእኔ የነገሩኝ ሁለት ሳምንት ቆይተው ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳለቅስ አፌን በመዳፋቸው ያዙኝ። ሰው ከሰማ ይመጣል፣ ሰው ከመጣ አለቅሳለሁ፣ ዓይኔ አብጦ ብገባ ሲኞራዋ ደንግጣ አትተኛም፣ እሷ ካልተኛች እኔም አልተኛም፣ አሉ። ያሰቡትን ግን ነገሩኝ።

"ለፋሲካ በድስቱ እንቀብረዋለን" አሉኝ። "ፈረሰኛውን አንቺ ትበዪልኛለሽ፣ ነፍስ ይማር ትዪኛለሽ፣ በቃ። ሌላ ለቅሶ የለኝም።"

ስምንት ወር ይችን ቀን ጠበቁ። ዕንባቸውን የት እንዳስቀመጡት አላውቅም። ሐሙስ ይመጣሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ጉልበታቸውን ቅባት ይቀባሉ፣ ይሄዳሉ።

ቀኗም በቀላሉ አልተገኘችም። በኮንትራቶው እሑድ የእሳቸው ነው። እያደር ግን እሑዳቸው በሙቅ ውኃ እንደታጠበ ሹራብ እያጠረች መጥታ የግማሽ ቀን ሆናለች። የእኛ ፋሲካ ደግሞ ዘንድሮ ከጣሊያኖቹ በሳምንት ዘግይቶ ዋለ። ፓትሪዚያ በየዓመቱ እንደ አዲስ ትገረማለች፤ ፋሲካ ባለፈው ሳምንት አልነበረም እንዴ፣ ትላለች። ተለምና ተለምና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈቀደች።

ሥራውን የተከፋፈልነው ለዚህ ነው። ሽንኩርቱን እሳቸው ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት መጥተው አቁላልተው ጨረሱት፤ አንድ ጉልበታቸውን በርጩማ ላይ አሳርፈው፣ በአንድ እግር እንደቆሙ ሦስት ሰዓት አማሰሉ። የእኔ ድርሻ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ሙሉ ዶሮ መግዛት። ሙሉ መሆን እንዳለበት ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፤ መገነጣጠሉን ከእጃቸው በቀር ለማንም አይሰጡም።

ቅዳሜ አሥራ ስድስት ክፍል አጸዳሁ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ አሥራ ስድስት ክፍል ማለት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ሥጋ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ማቸላዮው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ዶሮውን አነሣና የሆነ ነገር ጠየቀኝ። እኔ ጣሊያን ሲጠይቀኝ "ሲ፣ ሲ"፣ አዎ አዎ፣ የማለት በሽታ አለብኝ፤ ብዙዎቻችን አለብን። አሠሪ ሲጠይቅ ሲ፣ ፖስታ ቤት ሲ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለፔርሜሶ የተሰለፍን ቀን ሲ፤ ሲ ያለ ሰው ቶሎ ይሸኛል። እሱ ሲጠይቀኝ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምቻለሁ። እየሰማሁ ልብ አላልኩትም። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ እንደተጠቀለለ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት፣ ቅዳሴ እንኳ ሳልሄድ እንቅልፍ ጣለኝ።

እሑድ እትዬ ጤናዬ በሜትሮና በመቶ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አራት ሰዓት ሲል ደረሱ። ነጭ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፣ ተሳሳምን። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሽርጥ አሸርጠው ወረቀቱን ፈቱት። ስምንት ቁራጭ ነበር። አጥንቱ በየቦታው ተከስክሷል፣ ጀርባው ከታፋው ጋር እንደተያያዘ ተቆርጧል፣ ፈረሰኛው መሃል ለመሃል ለሁለት ተሰንጥቋል።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱን የደረት ቁራጮች አንሥተው ገጠሟቸው፣ ለቀቋቸው፣ እንደገና ገጠሟቸው። ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

"ደከመኝ ጽጌ" አሉ።

አሥራ አምስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ እንቅልፌ ይላሉ እንጂ ደከመኝ አይሉም። እኔ ስለ ክፍሎቹ፣ ስለ ማቸላዮው፣ ስለ ሲ ሲ ቀባጠርኩ። በራሴ በጣም አፈርኩ። ሴትዮዋ ስምንት ወር ሙሉ ለቅሶ አቆይተው ለእኔ አንድ ዶሮ ብቻ አምነውኝ ነበር።

ሃርነት ከአልጋዋ ተነሥታ መጥታ ዶሮውን አየችና፣ ያው ዶሮ አይደለም እንዴ፣ ቫ ቤኔ ሎ ስቴሶ፣ ምንም አይደል፣ ብላ ልታልፍ ስትል የእትዬ ጤናዬን ፊት አየች። ጫማዋን አድርጋ ወረደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሁለት ሱፐርመርካቶ አይታ፣ ያለው በፕላስቲክ የታሸገ እግር ብቻ ነው፤ ሙሉ ዶሮ የተገኘው ተጠብሶ ነው።

የእናቴን ስም እንተወው አልኩ። አንድ ሰው ከቀነስን ትንሽ ይቀላል ብዬ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ስለሆነ።

"እናትሽ ምን አደረገች?" አሉኝና ተነሡ። መርፌና ነጭ ክር አምጪ አሉኝ።

ዓይናቸው ስለደከመ ክሩን እኔ አስገባሁላቸው። ዶሮውን በሎሚና በጨው አጥበው ሲያበቁ ሁለቱን የደረት ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ገጥመው መስፋት ጀመሩ። ሥጋው ያንሸራትታል፣ መርፌው አጥንት ላይ ይቆማል፣ እሳቸው ነቅለው ሌላ ቦታ ይወጋሉ። የስንት አሮጊት ቀሚስ የጠቀመች እጅ ናት። ሃርነት ልትቀርጽ ስልኳን አነሣችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ስፌቱ ሲያልቅ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ሰባት ቁራጭ ሆነ። አንዱ የደምለው፣ ስድስቱ ለአሥራ አንድ ሰው።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አሉ። "የድሮዎቹ ይጠጋጉ።"

ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ እያሰቡ ሟቾቹን አጋጠሟቸው። አባትና እናታቸው አንድ ታፋ ላይ ሆኑ፤ በሕይወት ሳሉም ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። አያታቸው ከክርስትና እናታቸው ጋር። የመጀመሪያዋ ሲኞራ፣ ሲኞራ ፍራንካ፣ ከለተንኪኤል ጋር፤ ሁለቱም ጣሊያንኛ ይችላሉ፣ ሁለቱም ማዘዝ ይወዳሉ ሲሉ ሃርነት በእናቷ ሳቀች። አባቴ ከሁለተኛዋ ሲኞራ ጋር፣ አጎቴ ከሦስተኛዋ ጋር ተመደቡ፤ በእርሻ መሬት እንደተካሰሱ መሞታቸውን ስለነገርኳቸው አንድ ላይ አላስቀመጧቸውም። እናቴ ብቻዋን ክንፍ ደረሳት። ከሰው ጋር መብላት አትወድም ነበር፤ እሱንም አልረሱትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀረብን። እንጀራው ቴርሚኒ ካለው ሱቅ የተገዛ ነው፣ ትንሽ ደርቋል። እትዬ ጤናዬ ጸሎት አደረሱና ጭልፋውን አነሡ። ስሞቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ጠሩ፣ እኔና ሃርነት እየተቀበልን በላን፣ እሳቸውም የእናቴን፣ የአባቴንና የለተንኪኤልን ድርሻ በወጉ በሉልን፣ ነፍስ ይማር አሉን። የደከመው ሰው ምግብ እንዴት እንደሚበላ የታወቀ ነው፤ ብዙ አላወራንም።

ፈረሰኛውን መጨረሻ ላይ አወጡት።

"ይሄ የደምለው" አሉ። ድምፃቸው ከሌሎቹ ስሞች አልተለየም። ክሩን በጥፍራቸው እየመዘዙ አወጡና ከፊቴ አስቀመጡት። እንጀራው ላይ ለሁለት ተከፈተ።

ጠግቤ ነበር። ሁለት ወር ሥጋ ያላየ ሆድ ብዙ አይችልም። ቢሆንም አጥንቱ እስኪቀር በላሁት፤ እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ። ጨርሼ እጄን ጠረግሁ።

"ነፍስ ይማር እትዬ" አልኳቸው። "ደምለውን ነፍሱን ይማርልዎ።"

አሜን አሉ። ከዚያ ምንም አልሆነም። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ሳህኖቹን ሰብስበው ወደ ማጠቢያው ዞሩና ውኃውን ከፈቱት። ጀርባቸውን እያየሁ፣ ይኸው ነው እንግዲህ፣ ለዚህ ነው ስምንት ወር የተጠበቀው፣ አልኩ በልቤ። ደምለው ካልተቆረጠ ዶሮ ቢወጣ ኖሮ ይለቀስለት እንደነበር አልተጠራጠርኩም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስልካቸው ጮኸ። እጃቸው እርጥብ ስለነበር ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፓትሪዚያ ናት። ማማ ተረብሻለች፣ ስምሽን እየጠራች ነው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መምጣት ትችያለሽ ወይ፣ አሁን ብትነሺ ጥሩ ነው፣ አለች። እኔ ጃኬታቸውን ላመጣ ተነሣሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ መልስ ነው።

እትዬ ጤናዬ ውኃውን ዘጉት።

"አልመጣም" አሉ በጣሊያንኛ። "ወንድሜ ሞቷል።"

የፓትሪዚያ ድምፅ ተለወጠ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። እግዚኦ ጤናዬ፣ አዝናለሁ፣ አለቻቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀች።

"መቼ ነው የሞተው?"

እትዬ ጤናዬ እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። ጃኬታቸውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ዛሬ" አሉ። "ዛሬ ሞተ።"

ስልኩን ዘጉ፣ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጡና "ወንድሜን!" ብለው ጮኹ። የትንሣኤ ዕለት እንደማይለቀስ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ጃኬቱን ጥዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሃርነት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ነሐሴ ነው ያላችሁኝ እኮ፣ አለች። በሩን እንድትከፍት ላክኋትና ስልኬን አወጣሁ። የማውቃቸውን ሴቶች በሙሉ፣ ማዕድ ላይ ያሉትንም፣ ሥራ ላይ ያሉትንም፣ አንድ በአንድ እየደወልኩ የእትዬ ጤናዬ ወንድም አርፏልና ኑ አልኳቸው። መቼ ነው ብለው ለጠየቁኝ ሁሉ ዛሬ አልኩ።